የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወረቀት «ፕሩሺያ» ብቻ ካለ የቅድመ አያት መንደር የት ይገኛል?

የባለቤትሽ ቅድመ አያት በፈረንጆች 1882 ከጀርመኑ የሃምቡርግ ወደብ ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ከገባ፣ መንደሩን የአሜሪካ ቆጠራ ላይ አትፈልጊው። እዚያ አገሩን ብቻ፣ ለምሳሌ «ፕሩሺያ» (የዱሮ የጀርመን መንግሥት) ብለው ጽፈው ነው የሚያልፉት። የሃምቡርግን የመንገደኞች መዝገብ ክፈቺ። ከ1850 እስከ 1934 ያለው በአብዛኛው ተርፏል፤ ከስሙ ጎን ከመሳፈሩ በፊት የኖረበት ቦታ ተጽፏል። በእንግሊዝ በኩል ዞረው የሄዱት ለብቻ ስለተመዘገቡ ሁለቱንም እዪ። (በሌላው የጀርመን ወደብ በብሬመን ቢሆን ኖሮ አበሳሽን ታዪ ነበር። የዚያ ዘመን መዝገቧ ጠፍቷል።)

ስሙንም በጀርመንኛው ሞክሪ። አሜሪካ «ስሚዝ» የተባለው ሰው መርከቡ ላይ «ሽሚት» ሊሆን ይችላል።

መንደሩ ሲገኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ሂጂ። በአብዛኛው ፕሩሺያ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1874 ነው፤ እሱ ከዚያ በፊት ነው የተወለደው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ «ኖይሽታት» የሚል አግኝቼ፣ በደስታ አራት ወር የአንዱን ኖይሽታት መዝገብ ሳገላብጥ ከረምኩ። ትርጉሙ «አዲስ ከተማ» ነው፤ ጀርመን ውስጥ ሞልቷል። የኔው ሌላኛው ነበር። ከኋላው «ኦርላ» የምትል የወንዝ ስም በደቃቁ ተጽፋለች፤ የቀለም ጠብታ መስላኝ ዘልያት ነበር።