በአንድ ዘፈን የተገለበጡ አይመስለኝም

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው። የእንግሊዙን ባንድ የኒው ኦርደርን «ብሉ ማንዴይ» የተባለ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ዘፈን ሰምቶ ወደደው። የድሮ ሥራቸውን ሲፈልግ ደግሞ ጆይ ዲቪዥን የሚባል ጨለም ያለ የጊታር ባንድ ላይ ወደቀ። «ሰዎቹ እነሱ ከሆኑ፣ አንድ ነጠላ ዜማ እንዴት እንዲህ ይገለብጣቸዋል?» ይላል።

እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማስበው። እንዳንተው ዳርና ዳሩን ሰምቼ መሀሉን ስለዘለልኩ ነው።

ታሪኩ ቀላል አይደለም። የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ ግንቦት 1980 (በፈረንጆቹ) ሕይወቱን አጠፋ። በማግስቱ ወደ አሜሪካ ሊበሩ ነበር። ገና 23 ዓመቱ ነው። የቀሩት ሦስቱ የባንዱ አባላት ስሙን ትተው ኒው ኦርደር ሆኑ፤ ጊሊያን ጊልበርት በኪቦርድና በጊታር ተጨመረች። ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ማይኩን ያዘ።

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው «ሴሬመኒ» ገና ከከርቲስ ጋር የሠሩት ስለሆነ ለውጥ አትፈልግበት። «ሙቭመንት» የተባለው አልበማቸውማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የቀዱት ነው የሚመስለው።

መልሱ ያለው «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» ላይ ነው። መስከረም 1981 «ፕሮሴሽን» ከተባለው ነጠላ ዜማቸው ጀርባ ላይ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ለብቻው በ12 ኢንች ሸክላ ተለቀቀ። በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሲንተሳይዘሩ (ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ) ከሥር ትር ትር ይላል። ጊታሩ ግን የትም አልሄደም፤ ላዩ ላይ ይቧጥጣል። ሁለት ባንድ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲጋፋ ትሰማለህ። በ1982 «ቴምፕቴሽን» ሲመጣ ግፊያው አልቆ ጭፈራ ሆኗል።

«ብሉ ማንዴይ» የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ መጋቢት 1983። በእንግሊዝ የ12 ኢንች ሸክላ ሽያጭ ክብረ ወሰኑን ስለያዘ ሁሉም ከሱ ይጀምራል።

እዚህ ጋ የራሴን ልንገርህ። ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አንድ ቀን የዚህን ዘፈን የሲንተሳይዘር ዜማ ኪቦርዴ ላይ ልቀርጸው ተቀመጥኩ። ሁሉንም ኖታ ከምቱ ጋር ቀጥ አድርጌ አስገባሁት። ሞተብኝ። የስልክ ጥሪ ሆነ። በኋላ ነው ጊልበርት ያወራችውን ያነበብኩት። ሰምነር ራሱ በገጣጠመው ሲኩዌንሰር (የተሰጠውን ኖታ በራሱ የሚያጫውት ማሽን) ኖታዎቹን በረጅም ወረቀት ላይ እየጻፈች አንድ በአንድ ስታስገባ፣ አንዷን ዘለለቻት። ዜማው ከድራሙ ትንሽ ሸርተት አለ፤ እንደዛው ቀረ። እኔም የራሴን ትንሽ ሳንሸራትተው ነፍስ ዘራ።

እኛ ጋ ኪቦርድ ሲመጣ ሳክስፎንና ትራምፔቱን ከመድረክ ገፍቶ አስወረደ፤ ያ እስካሁን ይቆጨኛል። እነሱ ግን ማሽኑን አስገብተው የድሮውን ሰው አላባረሩም። ባስ ጊታሪስቱን ፒተር ሁክን ስማው። በጆይ ዲቪዥን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ደካማ ስለነበር፣ የራሱን ድምፅ ለመስማት ባሱን በቀጫጭኖቹ ክሮች ከፍ አድርጎ ይጫወት ነበር። ዜማውን የሚመራው ባሱ የሆነው ያኔ ነው። «ብሉ ማንዴይ» ላይም ያው ሰውዬ ነው፣ ያው እጅ። ግጥሙም ቢሆን ለዳንስ ቤት የሚሆን ደስታ የለበትም።

እና አራቱን በቅደም ተከተል ደርድራቸው፦ «ሴሬመኒ»፣ «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን»፣ «ቴምፕቴሽን»፣ «ብሉ ማንዴይ»። የመጨረሻው ላይ ሰምነር አፉን እስኪከፍት 2 ደቂቃ ያልፋል። አትዝለለው፤ ባሱ የሚገባው እዛ መሀል ነው።