ጥያቄና መልስ፦ የልጆች ሽፍታ፣ ማሳከክና ማስነጠስ

መስከረም ከጠባ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች አለርጂ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ሲያሳክከው ወዲያው ምግብ ይከለከላል። ትንፋሹ ሲያጥር ደግሞ «እስኪ ትንሽ እንየው» ይባላል። መሆን ያለበት የዚህ ግልባጭ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ የአራት ዓመት ልጅ እናት

«ልጄን ጉንፋን ይዞት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ሆዱና ጭኑ ላይ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ ወጣበት። ጠዋት ጠፋ። ከሰዓት ጀርባው ላይ ወጣ። ጎረቤቴ እንቁላል ነው አለችኝ፣ እናቴ ወተት ነው አለች። አሁን እንቁላል፣ ወተት፣ ቲማቲምና ሽሮ ከልክዬው እንጀራ በድንች ብቻ ነው የሚበላው። ሽፍታው ግን አልተወውም።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ምግቡን መልሺለት። የአራት ዓመት ልጅ በድንች ብቻ አያድግም።

ከጻፍሽው ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ጉንፋኑ ነው። ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ሽፍታ በብዛት የሚያመጣው የቫይረስ ሕመም ነው። ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ቆዳ ውስጥ ይለቀቃል። ቆዳው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል። ጉንፋኑ ከለቀቀው በኋላም ሽፍታው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊመላለስበት ይችላል። ቢያስጨንቅም ልጁ የሚጫወት፣ የሚበላና በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ ቤት ውስጥ መከታተል ይቻላል።

ምግብ የሚያመጣው አለርጂ ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ይታያል። ያንኑ ምግብ በበላ ቁጥርም ይመለሳል። እሑድ የተበላ እንቁላል ማክሰኞ ማታ ሽፍታ አወጣ ማለት ያስቸግራል። ልጅሽ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት እንቁላልና ወተት ያለ ችግር ይበላ ከነበረ፣ ከተከለከለም በኋላ ሽፍታው ካልቆመ፣ ምግቡ ነፃ ነው። ቲማቲምና በርበሬ ደግሞ የልጆችን የአፍ ዙሪያ ያቀላሉ። እሱ የቆዳ መቆጣት እንጂ አለርጂ አይደለም።

አሁን እስክሪብቶ አንሺ። አንዱን እብጠት መርጠሽ ዙሪያውን አስምሪና ሰዓቱን ጻፊ። በነጋታው በዚያው ሰዓት እዪው። ከመስመሩ ውስጥ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከወጣ፣ ሐኪሞች ኧርቲኬርያ የሚሉት የተለመደው ዓይነት ነው። ከ24 ሰዓት በላይ እዚያው ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመው ወይም የበለዘ ምልክት ጥሎ ከሄደ ግን ለሐኪም አሳዪው። ስድስት ሳምንት ካለፈም እንዲሁ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዓይን መቅላትና ሳል አብረው ካሉ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እስከዚያው ጥፍሩን ቁረጪለት። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ አልብሺው። የሚያሳክከው ቦታ ላይ በውሃ የራሰ ጨርቅ አድርጊለት። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ግን አትቀቢው፤ የተቆጣ ቆዳ ያቃጥላሉ። ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አይቡፕሮፌን ሽፍታውን ሊያባብሰው ይችላል።

ከዓለም ከተማ፣ የሰባት ዓመት ልጅ አባት

«ልጄን ሽፍታ ሲያሳክከው አንዱ መድኃኒት ቤት ሴትሪዚን፣ ሌላው ክሎርፌኒራሚን የሚባል የአለርጂ ሽሮፕ ይሰጠኛል። ሌሎች ደግሞ መርፌ ካልተወጋ አይለቀውም ይላሉ።»

ሴትሪዚን ይሻላል፤ ሎራታዲንም ጥሩ ነው። ክሎርፌኒራሚን ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ግን ልጁን ያፈዘዋል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሰነፍ ሲባል ጥፋቱ የሽሮፑ የሆነበት ጊዜ አለ። ፕሮሜታዚን ደግሞ ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ሌላውም የአለርጂ ሽሮፕ ቢሆን በዚያ ዕድሜ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መሰጠት የለበትም።

የሴትሪዚን የተለመደው መጠን ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት 5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ብዙው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ቢሆንም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። በቤት ማንኪያ አትለካ፤ የማንኪያው መጠን ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ጠይቅ። ልጁ የኩላሊት ሕመም ካለበት መጠኑ ስለሚቀየር ሐኪም ይወስን። አንድ ሌሊት ስለተሻለው ደግሞ አታቋርጠው፤ ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ጥቂት ቀን ቀጥልለት።

ስለ መርፌው፦ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል፣ የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት ነው። ለተራ ሽፍታ አያስፈልግም። በየወሩ የሚወጋ ልጅ ስኳሩ፣ አጥንቱና ዕድገቱ ላይ ጉዳት ይደርሳል። እባካችሁ «ቶሎ ይለቀዋል» ለሚል ቃል ብቻ ልጅ አታስወጉ።

ከእነዋሪ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባት

«ልጄ ክረምቱን ደህና ትከርማለች። መስከረም አጋማሽ ላይ ማስነጠስ ትጀምራለች፣ ዓይኗን ታሻለች። ውቂያ እስኪያልቅ አይተዋትም። ሰዎች አደይ አበባ ነው ስላሉኝ ዘንድሮ ለመስቀል እንዳትለቅም ከለከልኳት። አለቀሰች።»

ወንድሜ፣ አደይ አበባዋን ትልቀም። በደማቅ ቀለም ንብ የሚጠሩ አበቦች ብናኛቸው ከባድና ተጣባቂ ነው። ንብ ትሸከመዋለች እንጂ ነፋስ ብዙም አያነሳውም። አለርጂ የሚያመጣው በአብዛኛው ማንም አበባ ብሎ የማያየው ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ የሜዳው ሣር ሁሉ ያብባል፤ ብናኙ ቀላልና ደረቅ ስለሆነ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚወጡ ጥፋቱ የምትታየው ላይ ተላከከ። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ እህል ሲበራይ የሚነሳው አቧራና እብቅ ይጨመርበታል። ለዚህ ነው የማይተዋት።

አፍንጫዋን ተመልከት። አለርጂ ያለባት ልጅ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ እየገፋች ትጠርጋለች። ይህ ሲደጋገም አፍንጫዋ ላይ አግድም ቀጭን መስመር ይወጣል። ከዓይኗ ሥርም ይጠቁራል። ንፍጧ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ትኩሳት የላትም። ጉንፋን ቢሆን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይለቃት ነበር።

ሰሞኑን እንዲህ አድርጉ። ከሜዳ ስትመለስ ፊቷንና ፀጉሯን ትታጠብ፣ ልብሷን ትቀይር። የውጪ ልብሷን መኝታዋ ላይ አትጣለው። አንሶላና ነጠላ በነፋስ ቀን ውጪ አይሰጣ። አውድማ ላይ ብትቀር ይመረጣል፤ ካልሆነም ከነፋሱ አቅጣጫ ራቅ ብላ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ትሁን። ለቡና የሚጎዘጎዘው ትኩስ ሣርም ለጊዜው ይቅር። ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነ ጭሱ አፍንጫዋን የበለጠ ያስቆጣዋል፤ እሳቱ ሲቀጣጠል እሷ ደጅ ትሁን።

አፍንጫዋን በጨው ውሃ ማጠብ በጣም ይረዳል። ውሃው የግድ የፈላ መሆን አለበት። በእናንተ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሲቀዘቅዝ በ250 ሚሊ ሊትሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙና በንጹሕ ሲሪንጅ ቀስ አድርገህ እጠብላት። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ።

ሴትሪዚን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ይቀንሳል። አፍንጫዋ የሚታፈን ከሆነ ግን የተሻለው መድኃኒት ወደ አፍንጫ የሚነፋ የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን። በሐኪም ይታዘዝላት። በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቅ፤ ሙሉ ጥቅሙ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚታየው። ስትነፋ ጫፉን ወደ ጆሮዋ አቅጣጫ እንጂ ወደ አፍንጫዋ መሐል ግድግዳ አታድርገው፤ ያደማል።

ስለ ዓይኗ አደራ እላለሁ። ከመድኃኒት ቤት በራስህ ገዝተህ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አታድርግላት። ማሳከኩ በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ሲዘወተር ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። በልጅነት የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ አድርግላት፣ ኮፍያ ግዛላት። እንደ ክር የሚሳብ ዓይናር ካላት ወይም ብርሃን ማየት ካስቸገራት የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ሌሊት የምታስል፣ ስትሮጥ ደረቷ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ አስም አብሮ ሊኖር ይችላልና ለሐኪም ንገረው።

ከመንዝ፣ አያት

«የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ በውርጭ ጠዋት ከብት ይዞ ሲወጣ ፊቱና እጁ ያብጣል፣ ያሳክከዋል። እሳት ዳር ሲሞቅ ይጠፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብም እንደዚያው። ፃድቃኔ ማርያም ጠበል ልወስደው አስቤያለሁ።»

እናቴ፣ የነገሩኝ የብርድ አለርጂ ይመስላል። ሐኪም በረዶ ክንዱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ እርስዎ ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩት።

ጠበሉን አልከለክልዎትም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ሐኪም ሳያየው ልጁን መላ ሰውነቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አያስገቡት፣ ከላይም አያስወርዱበት። የብርድ አለርጂ ያለበት ልጅ ሰውነቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሂስታሚን ይለቀቃል። የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ለአጥማቂው አባት ሕመሙን አስቀድመው ይንገሯቸው። ለብ ያለውን ይጠጣ፣ በእጅዎ ቀባ ያድርጉለት። ወንዝ ውስጥም ብቻውን አይዋኝ። ጠዋት ሲወጣ ፊቱን በሻርፕ፣ እጁን በጓንት ይሸፍኑለት፤ ባና ካለ ደርቡለት። መታጠቢያው ለብ ይበል።

ከአጣዬ፣ እናት

«ልጄ እግሯና ወገቧ ላይ ትንንሽ ጠንካራ እብጠት አለባት። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልጠፋም። አለርጂ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ።»

ይህኛው አይንቀሳቀስም፣ ለቀናት እዚያው ይቆያል፣ መሐሉ ላይ ነጥብ አለው። ቁንጫ ወይም ትኋን ይመስለኛል። ሽሮፑ ማሳከኩን ይቀንሳል እንጂ ቁንጫውን አያጠፋም። አንሶላና ልብሱን በፈላ ውሃ እጠቢ። ፍራሹንና ቁርበቱን ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ አስጪ። ወለሉን፣ በተለይ ጥግ ጥጉን ጥረጊ። በግና ዶሮ ከመኝታ ክፍል ይውጡ። ነጭ ጋዝም ሆነ የእርሻ መድኃኒት ገላዋ ላይ እንዳትቀቢ፤ በቆዳ ገብቶ ይመርዛል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሐል ያለና ሌላውንም ቤተሰብ የሚያሳክክ ከሆነ ግን እከክ ነው። ሕክምናው ለሁላችሁም በአንድ ቀን ይሰጣል።

ከሸዋ ሮቢት፣ የአምስት ዓመት ልጅ እናት

«ከአዲስ አበባ ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ለውዝ ያለበት ቆሎ ገዛሁ። ልጄ ጥቂት ፍሬ በበላች በዐሥር ደቂቃ ከንፈሯ አበጠ፣ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ ድምጿ ጎረነነ። ቤት ስንደርስ ተሻላት። ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረብኝ?»

አዎ እህቴ፣ በጣም። ይህ አደገኛው ዓይነት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስ ይችላል። አሁን ደህና ብትሆንም በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያት።

ከምግብ፣ ከመድኃኒት ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ሽፍታ ወጥቶ የምላስ ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መዝለፍለፍ ከመጣ ሽሮፕ ሰጥቶ መጠበቅ አይቻልም። ሴትሪዚን ያበጠ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ጭን ላይ ይወጋል። ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወዲያው ውሰጃት፤ ስትደርሺ «ከለውዝ በኋላ ጉሮሮዋ አበጠ» በያቸው። መንገድ ላይ አጋድሚያት፣ እግሯን ከፍ አድርጊ። መተንፈስ ካቃታት ትቀመጥ። እንድትቆም ወይም እንድትራመድ አታድርጊ። ከተሻላትም በኋላ ምልክቱ ሊመለስ ስለሚችል ለሰዓታት እዚያው ትቆይ።

ከእንግዲህ ለውዝ ያለበት ነገር አትቅመስ። ገብሱን ብቻ ለይቶ መስጠትም አይሆንም፤ አብሮ ተቆልቷል፣ በአንድ ስፍር ተሰፍሯል። ቆሎዋን ቤት ቁዪላት። ለአስተማሪዋ፣ ለአያቶቿ፣ ለጎረቤት ልጆች እናቶች ንገሪ። በዓመት በዓል ቤት ለቤት ስትዞር ማን ምን እንደሚያጎርሳት አታውቂም።

ከደብረ ሲና፣ አጭር ጥያቄ

«ልጄ የእንቁላል አለርጂ አለበት ተብሎ በሐኪም ተረጋግጧል። ዕድሜ ልኩን ነው?»

ብዙ ጊዜ አይደለም። የእንቁላልና የወተት አለርጂ አብዛኞቹን ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይለቃቸዋል። የለውዝ ግን የሚለቀው ከአምስት ልጆች አንዱን ገደማ ነው። መልቀቁን ግን ቤት ውስጥ በማቅመስ አትሞክሪ። በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪሙ ይየው፤ የሚሞከርበት ጊዜ ሲደርስ አድሬናሊን ባለበት ሆስፒታል ውስጥ፣ በትንሹ ተጀምሮ ይሞከራል።