የሌሊት ፈረቃና የጤና ምርመራ፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ቦሌ ለሚ አካባቢ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ አንባቢ፣ ወደ ሌሊት ፈረቃ ሊዛወሩ ሲሉ የጤና መጠይቅ እንደተሰጣቸው ገልጸው፣ «የደም ግፊት አለብኝ ብዬ ብጽፍ ከሥራ እንዳልቀነስ ፈራሁ፤ ልደብቀው?» ይላሉ።

አይደብቁት። ቀን የሚተኙት እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ አጭርና የተቆራረጠ ስለሆነ ግፊትን መቆጣጠር ሊያዳግት ይችላል፤ ሐኪሙም ሊረዳዎት የሚችለው ሁኔታዎን ካወቀ ነው። ፍርሃትዎ ግን መሠረት የለውም አልልም፤ በሽታን ተናግሮ እንጀራን የማጣት ስጋት ቀላል አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171፣ የምርመራው ዝርዝር ያለ ሠራተኛው ፈቃድ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍና ሠራተኛውን ለመጉዳት እንዳይውል ይደነግጋል፤ ሊገለጽ የሚችለው ለሌሊት ሥራ ብቁ አይደለም የሚለው ድምዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው ይጠይቁ። በአለቃዎ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ የሚቀመጥ ከሆነ ለሐኪሙ በእጅዎ ለመስጠት እንደሚፈልጉ በትሕትና ያስረዱ።

ከአቃቂ ቃሊቲ የጻፉልን ደግሞ የምርመራው ወጪ ከደመወዛቸው ሊቆረጥ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ተቀጣሪዎችና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ አስፈላጊው ምርመራ በአሠሪው ወጪ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ የኤችአይቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ቂሊንጦ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ አባት ኢንሱሊን የሚወስዱ ሲሆን፣ ሌሊት ሲሠሩ መርፌውን መቼ መወጋት እንዳለባቸው ጠይቀዋል።

አባቴ፣ ሰዓቱንም መጠኑንም በራስዎ አይቀይሩ። የሚተኙበትን፣ የሚበሉበትንና የሚወጉበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ የሚጾሙ ከሆነም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ ምክንያቱም መርፌ ወስዶ ምግብ የዘለለ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ሲሰማዎ ወዲያው የሚወስዱት ስኳር ከካፖርትዎ ኪስ አይጥፋ። አብሮዎት የሚያድረው ባልደረባም ምልክቶቹን ይወቅ፤ ሰው ግራ ሲጋባ ራሱን መርዳት ይቸግረዋልና።

የአራት ወር ነፍሰ ጡር የሆኑ እናት ደግሞ «የሌሊት ፈረቃ እምቢ ማለት እችላለሁ?» ብለዋል።

አዎ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ለእርግዝና ክትትል የሚሄዱበት ጊዜም ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ስለሆነ፣ ከሐኪም የሚሰጥዎትን ማስረጃ ለአሠሪው ያቅርቡ፤ ቅጂውንም ለራስዎ ያስቀሩ።