ክላውዘንን ከሙኒክ ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል ወይ?

እህታችን፣ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናትሽ ጋር ክላውዘንን (ደቡብ ቲሮል፣ ጣሊያን) በአንድ ቀን አይቶ ወደ ሙኒክ ለመመለስ ይቻላል ወይ ብለሻል። ይቻላል፤ ግን አልመክርሽም። በኢንስብሩክና በብሬነር በኩል፣ ለክላውዘን ቅርብ የሆነችው ብሪክሰን ከተማ ለመድረስ ብቻ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፈጣኑ ባቡር ክላውዘን ብዙ ጊዜ ስለማይቆም ብሪክሰን ወርዳችሁ የክልሉን ባቡር ትይዛላችሁ፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያው ብሪክሰን እደሩ። ብዙ ማረፊያዎች የክልሉን ባቡርና አውቶቡስ በነፃ የሚያሳፍር የእንግዳ ካርድ ይሰጣሉ፤ ከመያዝሽ በፊት ጠይቂ።

ድንበር ላይ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርትም መኖሪያ ፈቃድም ያዙ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው በጊዜያዊው ወረቀት ከጀርመን መውጣት አይፈቀድለትም።

ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ መጀመሪያ ዜቤን ውጡ። ከከተማዋ በላይ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አለት ላይ የተሠራ ገዳም ነው፤ የቤኔዲክት መነኮሳይት ከ1686 እስከ 2021 ኖረውበታል። በብራንዞል ግንብ በኩል የሚወጣው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ቀጥ ያለ አቀበትና ኮብልስቶን ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። እናትሽን በረጅሙ መንገድ፣ በፕሮመናዱ ውሰጃቸው፤ ሲመለሱም በዚያው ይሁን፣ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው መውረዱ ነውና። ከላይ ያለው የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ክፍት ከሆነ ግድግዳውን መሃል ላይ ቆማችሁ እዩት፤ የተሳሉት ዓምዶች ቤቱን እጅግ ሰፊ ያስመስሉታል። ወደ ጥግ ስትጠጉ ስዕሉ ይዛባል።

ጀርመናዊው ሰዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1501 ወይም 1502 ገደማ ለኅትመት በመዳብ ላይ በቀረጸው «ነሜሲስ» (የግሪኮች የበቀል አምላክ) ላይ ከክንፋማዋ አምላክ እግር ሥር የምትታየው ከተማ ክላውዘን ናት። ሰው ከቦታው ጋር ሊያመሳስል ሲሞክር ግራ የሚጋባው ኅትመት የተቀረጸውን ገልብጦ ስለሚያወጣ ነው። ምስሉን ስልክሽ ላይ ጫኚና ግራ ቀኙን ገልብጪው፤ ከዚያ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ስታዪው አለቱ፣ ወንዙና ቤቶቹ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ለእኔ የክላውዘን ትልቁ ደስታ ይሄ ነው።

ሙዚየሙ በቀድሞው የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም ውስጥ ነው። የስፔን ንግሥት የነበረችው ማሪያ አና ክላውዘን ለተወለደው የንስሐ አባቷ ብላ የላከችው፣ «የሎሬቶ ሀብት» የሚባለው የንዋያተ ቅድሳት ስብስብ እዚያ አለ፤ ዳክዬ በመሳል የታወቀው የአሌክሳንደር ኬስተር ሥራዎችም አሉ። በብርድ ወራት ይዘጋል። በሌላውም ጊዜ በምሳ ሰዓት የሚዘጋ ነገር ብዙ ስለሆነ ሰዓቱን ከዋዜማው አጣሪ።