ማዕቀብን የሚቃወም የምክር ቤት ሰው አለ ወይ? የቦሌ አራብሳ ጥያቄና መልስ

ሰፈራችን ውስጥ የማዕቀብ ወሬ እንግዳ አይደለም። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤታችን ነው፤ ከተከራዮቻችንም ብዙዎቹ ልብስ ስፌት ላይ የሠሩ ናቸው። በብሎካችን ኮሚናል በነበረው የጥያቄ ምሽት የተነሱትን ከነመልሶቼ እነሆ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጋሼ፣ እኛን ከሥራ ያስወጣን ማዕቀብ ነው? (ፋብሪካ ትሠራ የነበረች)

የኔ ልጅ፣ ከአጎዋ መሰረዛችን በሕግ ቋንቋ ማዕቀብ አይባልም። አጎዋ አሜሪካ በ2000 ያወጣችው ሕግ ነው። ብዙ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባላት ፈቀደ። በሰሜኑ ጦርነትና በሰብአዊ መብት ጥሰት ሰበብ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጣች። ዕድሉ ተነሳ እንጂ ንግዱ አልተከለከለም። ላንቺ ግን ምን ለውጥ አለው? ያኔ የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነበር። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው 32 በመቶ ይደርስ ነበር። ገዢው ይህን ሲያይ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። መጀመሪያ ኦቨርታይም ይቀራል። ቀጥሎ ሁለት ላይን አንድ ላይ ይጨፈለቃል። ከዚያ «እስክንጠራችሁ ቤት ቆዩ» ይመጣል።

ሁሉንም በአጎዋ ማሳበብ ግን አይቻልም። የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እዘጋለሁ ያለው በኖቬምበር 2021፣ ስረዛው ሥራ ላይ ሳይውል ነው። ምክንያት ያደረገውም የጦርነቱን መባባስ ነበር።

ፈረንጅ ምክር ቤት ውስጥ «ይህ ነገር ድሃውን ነው የሚጎዳው» ያለ አለ?

ሞልቷል። በደንብ የጮኹት በኢራቅ ጉዳይ ነው። ሳዳም ኩዌትን በወረረ በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 6 ቀን 1990፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 661 አገሪቱን ከንግድ ዘጋት። መድኃኒት በወረቀት ላይ ክልክል አልነበረም። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ነዳጅ ሸጣ ምግብ እንድትገዛ ተፈቀደላት። ችግሩ ኢራቅ የምትገዛውን የሚያጸድቀው፣ ኒውዮርክ ያለው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ነበር። አንድ አባል አገር «ይቆይ» ካለ ውሉ ይንጠለጠላል። ክሎሪን ትጠይቃለህ፣ ለጦር መሣሪያም ይውላል ይሉሃል። የውሃ ቦቴ ስትጠይቅም ያው ነው። በ2002 እንዲህ ተይዞ የቀረው ውል ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የውሃ ማጣሪያው ያለ ክሎሪን ሲቀር ማን እንደሚታመም ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሳዳም አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታትን የእርዳታ ሥራ ኢራቅ ሆኖ ይመራ የነበረው ዴኒስ ሃሊዴይ በ1998 ተቃውሞ ለቀቀ። ተተኪው ሃንስ ፎን ስፖኔክም በ2000 ተከተለው። በዚያው ዓመት ወደ 70 የሚሆኑ የኮንግረስ አባላት የኢኮኖሚው ማዕቀብ እንዲነሳ፣ የጦር መሣሪያው ግን እንዲቀጥል ለክሊንተን ጻፉ። ደብዳቤውን ያስተባበሩት ሪፐብሊካኑ ቶም ካምቤልና ዴሞክራቱ ጆን ኮንየርስ ናቸው። የዴሞክራቶቹ መሪ ከነበሩት አንዱ ዴቪድ ቦኒየር ደግሞ ፖሊሲ የለበሰ የሕፃናት ግድያ ነው ብሎ አረፈው። ከራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ጋር ነው የተናነቀው።

ለንደን ላይ የእንግሊዝ ምክር ቤት አባላቱ ታም ዳልዬልና ቶኒ ቤን ለዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ግን ከንግግሩ ሁሉ የምወደው አንድ ደረቅ ሪፖርት ነው። የኮመንስ ምክር ቤት የዓለም አቀፍ ልማት ኮሚቴ በ2000 ሲጽፍ፣ ከእንግዲህ የተባበሩት መንግሥታት በአንድ አገር ላይ ሁሉን አቀፍ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ለመጣል በቂ ምክንያት ይኖረዋል ብሎ ማመን ይቸግረናል አለ። ኮሚቴው የመንግሥትም የተቃዋሚም አባላት ያሉበት ነው። የኢራቁ ማዕቀብ ግን የተነሳው በ2003፣ ከወረራው በኋላ ነው። ጩኸቱ በሩን አልከፈተም። ቢሆንም በኋላ ማዕቀብ በጅምላ ሳይሆን በባለሥልጣናትና በድርጅቶች ላይ እንዲያተኩር ካደረጉት ግፊቶች አንዱ ይኸው ነው።

ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ሞቱ የሚባለው እውነት ነው?

ቁጥሩን ተዉት። በሳዳም ዘመን ከተሰበሰበ መረጃ የወጣ ነው፤ ከ2003 በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ያን ያህል የሕፃናት ሞት ጭማሪ አላገኙም። መከራው ግን የፈጠራ አይደለም። አንድ እንደራሴ ትክክለኛ ክርክር ይዞ የተነፋ ቁጥር ከጠራ፣ ተቃዋሚው ቁጥሩን ብቻ ይይዝና ክርክሩን ይጥልበታል።

ታዲያ ማዕቀብ ሁሌም መጥፎ ነው ልትሉን ነው? ደቡብ አፍሪካስ?

አላልኩም። እዚያ ነገሩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው። በ1986 ሬገን ማዕቀቡን በቪቶ ሲከለክል፣ ኮንግረስ ቪቶውን ሽሮ ሕግ አደረገው። አፓርታይድን ዕድሜዋን ሙሉ በፓርላማ የታገለችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ሄለን ሱዝማን ግን ማዕቀቡን ተቃውማለች፤ ጥቁሩን ሠራተኛ ሥራ አጥ ያደርገዋል ብላ። ከጥቁሮቹ የነጻነት መሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ «መከራውን እንችላለን፣ ጣሉት» ይሉ ነበር። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፦ የሚጎዳው ሕዝብ ራሱ ጠይቆታል ወይስ አልጠየቀም?

የሚቃወሙት ለድሃ አዝነው ነው ወይስ ለኪሳቸው?

አንዳንዱ ለኪሱ ነው፤ እኔ ግን አይከፋኝም። በ2000 ምግብና መድኃኒት ለኩባ እንዲሸጥ መንገድ የከፈተውን ሕግ ከገፉት አንዱ ጆርጅ ኔዘርከት ነው። ሪፐብሊካን ነው፤ የመረጡት የዋሽንግተን ግዛት ስንዴ ገበሬዎች ናቸው። ገበሬው ገበያ ፈለገ፣ ሃቫና ዳቦ አገኘች። በእርግጥ ሕጉ ኩባ ከአሜሪካ ሻጭ በዱቤ እንድትገዛ አልፈቀደም፤ ወይ ቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ፣ ወይ በሦስተኛ አገር ባንክ በኩል ነው።

መድኃኒት ከማዕቀብ ነጻ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ይጠፋል?

ባንኩ ስለሚፈራ። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ከአንድ ካርቶን ኢንሱሊን የሚገኘው ኮሚሽን ደግሞ ሽርፍራፊ። ስለዚህ የባንኩ ሰው የአገሩን ስም ሲያይ ፋይሉን ይዘጋል። መርከቡም ኢንሹራንሱም እንደዚያው። በዲሴምበር 2022 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2664 ሰብአዊ እርዳታን ከንብረት እገዳ ነጻ አድርጓል። ጥሩ ነው። ግን አሜሪካ ወይ አውሮፓ ለብቻቸው የሚጥሉትን አይነካም።

እኛስ ጠይቀን አናውቅም?

ጠይቀናል እንጂ! በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር ላይ ማዕቀብ ጣለበት። ነዳጅን ግን አልጨመሩም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ ካሚዮን ቤንዚን ሳይጎድልበት እስከ አዲስ አበባ መጣ። ንጉሡ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ ማዕቀቡ ሊነሳ ቋፍ ላይ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ተነሳ። ስለዚህ «ማዕቀብ በደፈናው ይቅር» ሲባል የእኛ አያቶች በቀላሉ የሚስማሙ አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ ለማስጣል የቀረበውን የኮንግረስ ረቂቅ ሕግ፣ ኤችአር 6600ን፣ ያረቀቀውን ማሊኖውስኪን ከኮንግረስ ያወረደው ዲያስፖራው ነው አይደል?

ቀስ በሉ። ቶም ማሊኖውስኪ ረቂቁን ያቀረበው በ2022 መጀመሪያ ነው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በምርጫ ተሸነፈ። ረቂቁም፣ በሴኔት የቀረበው ተመሳሳዩ ኤስ 3199ም ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። የኛ ሰዎች ደውለዋል፣ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ያ የሚናቅ አይደለም። ግን የምርጫ ክልሉ ካርታ ከዚያ በፊት ተቀይሮ ለሪፐብሊካን አመቺ ሆኖ ነበር። ለኮንግረስ አባል መደወል የምትፈልጉ ዘመዶች ካሏችሁ፣ «ሉዓላዊነት» ብቻ እያሉ አይጩኹ በሉልኝ። የቦሌ ለሚዋን ልጅ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይዋንና ገጠር ስንት ትልክ እንደነበር ያስረዱ። የወረዳ ቢሯቸው ውስጥ ስልክ የሚያነሳው ልጅ ማስታወሻ የሚይዘው ይህንን ነው።