መሬቱ የሕዝብ ከሆነ መንገዱን ማን ዘጋው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ትራክ እነዳለሁ። ሲመቸኝ ደግሞ በቶዮታ ፎር ራነሬ ከጓደኞቼ ጋር ሞአብ፣ ዩታ ድረስ እየወረድን ድንጋይ ለድንጋይ እንነዳለን። ከሁሉም የምንወደው በግሪን ወንዝ ዳር ወደ ሄይ ጆ ካንየን፣ ወደ ድሮው የማዕድን ጉድጓድ የሚወስደውን ፒስታ ነበር። እዚያ ቁጭ ብለን ቡና እናፈላለን። በቅርቡ ስንሄድ ቡናማ ቀጭን ምልክት ተተክሎ ጠበቀን፤ መኪና ክልክል ነው ይላል። መሬቱ የሕዝብ ነው እየተባለ እንዴት ይዘጋል? አንዱ ጓደኛችን «የድሮ መንገድ በሕግ አይዘጋም፤ ምልክቱን ዞረን እንግባ፣ ማን ያየናል» ይላል። ከዓመታት በፊት አስተያየት ስጡ ሲባል ሰምተን ነበር። ግን ግሪን ካርድ የያዘ ሀበሻን ማን ይሰማዋል ብለን ተውነው። ምን ይሻለናል?
ባለ ፎር ራነሩ፣ ከአውሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀድመህ ያንን «ማን ያየናል» የሚለውን ጓደኛህን ያዝልኝ። መሬቱ የሚተዳደረው በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ሁሉም ሰው ቢ.ኤል.ኤም. ይለዋል። እሱ የዘጋው መንገድ ላይ መግባት በገንዘብም በእስርም ያስቀጣል። እስሩ እስከ 12 ወር ሊደርስ ይችላል። በ2014 ፊል ላይማን የሚባል እዚያው ዩታ ውስጥ የተመረጠ የካውንቲ ኮሚሽነር ሰው ሰብስቦ ሪካፕቸር ካንየን በሞተር ገባ። ሸለቆው የጥንት ነባር ሕዝቦች ቅርስ ስላለበት ከ2007 ጀምሮ ለሞተር ዝግ ነበር። ሰውየው 10 ቀን እስር ተፈረደበት። ከሌላ ተከሳሽ ጋር ደግሞ ወደ 96 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። በ2020 መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉለት። እናንተም ምሕረት የሚያደርግላችሁ ፕሬዚዳንት ካላችሁ ግቡ። ለግሪን ካርድ ባለቤት የፌዴራል ክስ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለአንተ አልነግርህም።

የድሮ መንገድ አይዘጋም የሚለው ወሬ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1866 የወጣ የማዕድን ሕግ በሕዝብ መሬት ላይ መንገድ ማውጣትን ይፈቅድ ነበር። በ1976 ሕጉ ተሻረ። ከዚያ በፊት የተገኘ መብት ግን እንዳለ ይቀጥላል ተባለ። ዩታ ይህንን ይዛ ከ12 ሺህ በላይ መንገዶች ይገቡኛል ብላ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ፍርድ ቤት ተካሳለች። ጓደኛህ ያልገባው ነገር ክርክሩ የግዛትና የካውንቲ መሆኑ ነው። ሬንጀር፣ ማለትም የቢሮው ጠባቂ፣ አስቁሞህ መስኮት ስታወርድ የምትጠቅሰው አንቀጽ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። መሬቱ የሕዝብ ነው፣ አልተሳሳትክም። ችግሩ ሕዝቡ አንተና እኔ ብቻ አለመሆናችን ነው። ሄይ ጆ ያለበት የወንዙ ክፍል ላቢሪንዝ ካንየን ይባላል። ሰዎች ዝምታውን ብለው ከሩቅ መጥተው በታንኳ ለቀናት ይቀዝፉበታል። ለእነሱ ከዳር የሚሰማው የሞተር ጩኸት መዝናኛ አይደለም። ካርታው ላይ አንድ መስመር ነው፤ የሚፈልጉት ሰዎች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። በዚያ ላይ የዱር በጉ አለ፣ ቅርሱ አለ፣ አፈሩ አለ።

አፈሩን ስልህ ዝም ብዬ አይደለም። ሞአብ ስትደርስ ከመኪና ወርደህ ቁጢጥ በልና ከፒስታው ዳር ያለውን መሬት እየው። ጠቆር ያለ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ላዩ የደረቀ ነገር ታያለህ። ቆሻሻ ይመስላል። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ የድንጋይ ሽበትና ሞስ የሚባለው ጥቃቅን ተክል አንድ ላይ ተያይዘው አሸዋውን የያዙበት። ጎማ አንዴ ካለፈበት ይፈርሳል። ተመልሶ እስኪያገግም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ነፋሱ አሸዋውን ይወስደዋል። አንድ ሰው ኩሬ ለመሸሽ በጎን ያልፋል፣ ቀጣዩ የሱን ዱካ ይከተላል፣ በዓመቱ ሁለት መንገድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለመዝጋት ምክንያት የሚያቀብሉት እነዚህ የጎን ዱካዎች ናቸው። ሞአብ ያለው ብዙው ፒስታ በ1950ዎቹ ዩራኒየም ፈላጊዎች በዶዘር የጠረጉት ነው። ማንም አቅዶ የሠራው አይደለም። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጎን ለጎን እየሄደ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ ብዙ አለ።

ምልክቱ ደግሞ አንድ ጠዋት ድንገት የተተከለ አይምሰልህ። ነገሩ ከ1972 ይጀምራል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የትኛው ቦታ ለሞተር ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቶቹ እንዲለዩ ትእዛዝ ሰጡ። ቢ.ኤል.ኤም. በ2008 ለሞአብ ዕቅድ አወጣ። የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ዕቅዱ በቂ አይደለም ብለው ከሰሱ። በ2017 በስምምነት ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ የመንገድ ዕቅዶቹን እንደገና ሊሠራ ቃል ገባ። የእናንተ አካባቢ ላቢሪንዝ ሪምስና ጀሚናይ ብሪጅስ የሚባለው ነው። 300 ሺህ ኤከር ገደማ ነው። በ2021 የሕዝብ አስተያየት ተጠየቀ፣ በ2022 ረቂቁ ወጥቶ እንደገና ተጠየቀ። መስከረም 2023 ላይ ውሳኔው ወጣ። ከተመረመሩት 1,128 ማይል ውስጥ 317 ማይል ለሞተር ተዘጋ። በኪሎ ሜትር 510 ያህል ነው። ከ800 ማይል በላይ ግን ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ይህንን የሚናገር ሰው ያንሳል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ፣ ሁሉም በእኩል ዓይን አይታይም። የቴን ማይል ሸለቆ መንገድ መዘጋቱ አላስከፋኝም። ጎማው የሚሄደው ውኃው በሚሄድበት አሸዋ ውስጥ ነበር። በረሃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውኃ በዲፈረንሻል ዘይት ማቡካት ለማንም አይጠቅምም። የገደል አፋፍ ላይ ወጥተው ቁልቁል ለማየት የሚያደርሱት አጫጭር መንገዶች ግን ብዙዎቹ ያለ በቂ ምክንያት የተዘጉ ይመስለኛል። ድንጋይ ላይ ነው የሚሄዱት። ሽማግሌና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ያንን ገደል የሚያየው በመኪና ብቻ ነው። ሄይ ጆንም ቢሆን ታንኳ በሚበዛበት ወቅት ዘግቶ በቀረው መክፈት ይቻል ነበር። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም። የዩታ ግዛትና ብሉሪበን የተባለው የባለ ሞተሮች ማኅበር ይግባኝ ብለዋል። ብሉሪበን ፍርድ ቤትም ሄዷል። አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር እንዲህ ያለ ውሳኔ ስለሚነካካ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሞአብ ላለው ቢሮ ደውላችሁ የዕለቱን ሁኔታ ጠይቁ።

አሁን ያንን «ማን ይሰማናል» ያልከውን ላንሣ። አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። ኮሎራዶ ስለምትኖርም ዩታ አያገባህም የሚልህ የለም። ስምህና የጻፍከው ነገር ለሕዝብ ክፍት መዝገብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ብቻ እወቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህንን ያዝ፦ ዕቅዱ ሲሠራ ያልተሳተፈ ሰው በኋላ በአስተዳደሩ በኩል ይግባኝ ለማለት ይቸግረዋል። ይግባኙን የሚያየው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የይግባኝ ቦርድ «በጉዳዩ ተካፋይ ነበርክ ወይ? ምንስ ተጎዳህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጊዜውም 30 ቀን ነው። ምልክቱን አይቶ የተናደደ ሰው ያኔ መዝገቡ ውስጥ የለም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ ድምፅ መስጫ አይደለም። አንድ ማኅበር ያዘጋጀውን ደብዳቤ ሺህ ሰው ቢልከው መሥሪያ ቤቱ እንደ አንድ ሐሳብ ሊቆጥረው ይችላል። «መንገዳችንን አትዝጉ፣ ነፃነታችን ነው» የሚል ጽሑፍ ስሜቱ ይገባኛል፤ አስተያየቱን ለምታነበው የቢሮው ሠራተኛ ግን የምትሠራበት ነገር አይሰጣትም። ይልቅ እንዲህ ጻፍ፦ «ቁጥሩ ይህ የሆነውን መንገድ በጥቅምትና በመጋቢት በቤተሰብ እንነዳዋለን። መጨረሻው ላይ ሁለት መኪና የሚቆምበት ድንጋያማ ቦታ አለ። ፎቶው ተያይዟል። ከእኛ ጋር በዱላ የሚሄዱ አባት ስላሉ በእግር መድረስ አይችሉም። መጀመሪያው ግማሽ ማይል ላይ የጎን ዱካ ተፈጥሯል፤ እሱ ተዘግቶ ዋናው ቢቀር ይበቃናል።» ይህንን ስትጽፍ መሥሪያ ቤቱ የሚመረምረው ነገር ያገኛል። እንግሊዝኛህ እንዳያሳፍርህ። የሚታየው የመንገድ ቁጥሩ ነው።

ለብቻህም አትሁን። ሬድ ሮክ ፎር ዊለርስ የሚባለው የሞአብ ክለብ ከ1967 ጀምሮ ያለውን የፋሲካ ጂፕ ሳፋሪ የሚያዘጋጀው ነው። እንዲህ ያሉ ክለቦች የትኛው ዕቅድ መቼ እንደሚወጣ ቀድመው ያውቃሉ። እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ የነሱ ፋሲካ ሲደርስ እኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ነን፤ በርገር ሲጠብሱ ሽሮ ይዞ መቀመጥን ልመድ። እኔ አገር ቤት የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ስነዳ አፋር መንገድ የሚዘጋብኝ ጎርፍ ነበር። ጎርፍ አስተያየት አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እኔ ኦክላንድ ነኝ። ባለቤቴ የጂፕ ክለብ ገብቶ ሩቢኮን ትሬይል እንሂድ አለኝ። ክለቡ የላከልንን ዝርዝር ሳነብ የመጸዳጃ ከረጢት ይዛችሁ ኑ፣ የተጠቀማችሁበትንም ይዛችሁ ውጡ ይላል። እውነት ነው ወይስ እየቀለዱብን ነው? እኔ ከሰው ጋር መኪና ውስጥ ይህንን አልሸከምም።
ያፈረችው

መልስ፦ እህቴ፣ ከልባቸው ነው። ትክክልም ናቸው። ሩቢኮን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጆርጅታውን አካባቢ እስከ ታሆ ሐይቅ የሚዘልቅ 22 ማይል ያህል ነው። ግራናይት ድንጋይ ስለሆነ ቆፍረሽ የምትቀብሪበት አፈር የለም። በ2004 ስፓይደር ሐይቅ አካባቢ የሰው ዓይነ ምድር ከመብዛቱ የተነሣ ለጤና አደገኛ ነው ተብሎ ተዘጋ። በ2009 የካሊፎርኒያ የውኃ ጥራት ቦርድ ለካውንቲውና ለፌዴራሉ የደን አገልግሎት የጽዳት ትእዛዝ ሰጠ፤ ወደ ውኃው የሚገባው ደለል፣ የመኪና ዘይትና ይኸው ያልኩሽ ነገር ይቁም ብሎ። መንገዱ ያኔ ጠቅላላ ሊዘጋ ይችል ነበር። የተረፈው ባለ ጂፖቹ ራሳቸው ተደራጅተው፣ ከካውንቲው ጋር ሆነው መጸዳጃ ስለተተከለ፣ ድልድይ ስለተሠራ፣ ከረጢቱም ልማድ ስለሆነ ነው። ሞአብ ላይ ሕጉን እያወቀ የሚጣላ አለ፤ ሩቢኮን ላይ ሥራውን ሠርተው መንገዳቸውን ይዘዋል።

ከረጢቱ ውስጥ ፈሳሹን የሚያጠነክር ዱቄት አለ፤ ሽታም ይቀንሳል። ክዳን ያለው ባልዲ ገዝታችሁ ከኋላ ትርፍ ጎማው ላይ እሰሩት። መኪናው ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሌላ ደግሞ ዘይት የሚመጥ ጨርቅ ያዙ፤ ድንጋይ ላይ ካርተር (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ሲቀደድ ታመሰግኑኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው አፕ መንገዱን ያሳያል፣ ቦታው ላይም የክልክል ምልክት የለም። ደን ውስጥ ነው። ክፍት ነው ማለት አይደለም?
ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ አይደለም። የፌዴራሉ የደን አገልግሎት በ2005 ባወጣው ደንብ መሠረት ለየደኑ የሞተር ተሽከርካሪ ካርታ ያወጣል። ነፃ ነው፣ ወደ ስልክ ይወርዳል፣ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሲያዩት ዓይን አይማርክም፣ ብዙ ቦታ ስም እንኳ የለውም፤ ቁጥር ብቻ። ግን ሕጉ እሱ ነው። መንገዱ ካርታው ላይ ከሌለ ምልክት ኖረም አልኖረም ዝግ ነው። ካለም ጠርዙ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከት፤ አንዳንዱ ከበረዶው ወራት እስከ ግንቦት ይዘጋል፣ አንዳንዱ ስፋቱ 50 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ተሽከርካሪ ብቻ ነው። ያንተ መኪና እንደ ታኮማ ያለ ፒካፕ ከሆነ በዚያ አትለፍ።