የልጄ በረራ 20 ሰዓት ተኩል ነው ወይስ 13?

ጥያቄ፦ ልጄ በሐምሌ ወር ከዋሽንግተን ወደ ጅማ ልትመጣ ነው። በላከችልኝ የቲኬት ቅጂ ላይ መነሻዋ 11:00፣ አዲስ አበባ የምትደርሰው በማግስቱ 07:30 ይላል። እኔ ስቆጥረው 20 ሰዓት ተኩል ሆነብኝ፤ እሷ ግን 13 ሰዓት ተኩል ነው ትለኛለች። ካቻምና ስትሄድ ደግሞ መንገድ ላይ ሌላ አገር አርፋ 17 ሰዓት ፈጅቶባታል። ርቀቱ ስንት ነው? መሄጃውና መምጫውስ ለምን ተለያየ?
አንድ አባት፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። በቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ስለሚጻፍ አንዱን ከሌላው በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። 11:00 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ልጅዎ ስትነሣ ጅማ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። 07:30 ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነውና ከዚያ እስከዚህ ሲቆጥሩት 13 ሰዓት ተኩል ያገኛሉ። ጥር ላይ ቢሆን ልዩነቱ 8 ሰዓት ነበር፤ አሜሪካውያን በሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ይገፉታል።

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለመለካት አይሞክሩ፤ በአቅራቢያዎ ካለ ትምህርት ቤት ሉል ተውሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ቢወጥሩ ይሻላል። ማስመሪያው በማሊ በኩል ሲያሳልፍዎ ክሩ ወደ ሰሜን ወጥቶ በሊቢያና በስፔን በኩል ያልፋል፤ አጭሩም እሱ ነው።

የመሄጃው መርዘም ዋና ምክንያት ግን ርቀቱ ሳይሆን ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሣት አቅምም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ጭነቱን እንደያዘ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ በሙሉ ተሸክሞ መነሣት ይቸግረዋል። በተለያዩ ጊዜያት በደብሊን ወይም በሎሜ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የቆየው ለዚህ ነው። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ከፍታ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ ይነሣና ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ከኋላ ይገፋል፣ ሂያጁን ከፊት ይገታል።

የቀረው የጅማው ጉዞ ነው። በወልቂጤ በኩል በመኪና 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም በአጭር በረራ አብዛኛው ጊዜ በመንደርደር፣ በመውጣትና በመውረድ ስለሚያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ይመድቡለት። በእኔ ግምት ልጅዎ የፓስፖርት ወረፋና ሻንጣ ስለሚጠብቃት ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት የሚነሣ የጅማ በረራ ባትይዝ ይሻላታል፤ እርስዎም ሊቀበሏት ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ከቤት መውጣት አያስፈልግዎትም።